የስድስት ሆስት ክላስተር ፈርምዌር ላዘምን ነው፤ ከየት ልጀምር?

ስድስት_ሆስት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስድስት ዴል ፓወርኤጅ አር740 ሰርቨሮች (ሆስቶች) አሉን። ቨርቹዋል ማሽኖችን (ቪኤም) የሚያስኬደው የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ 7 ተጭኖባቸው በአንድ ክላስተር የታሰሩ ናቸው፤ ዲስኩ ከውጭ ስቶሬጅ ነው የሚመጣው። ባዮሱም (ማሽኑን የሚያስነሳው ፈርምዌር፣ ማለትም ሃርድዌሩ ውስጥ የተቀመጠ ሶፍትዌር) አይድራኩም (ሰርቨሩን ከሩቅ የሚቆጣጠረው የዴል ቺፕ) ከተገዙ ጀምሮ ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ሰሞኑን የደህንነት ኦዲት መጣና «የአይድራኩ ቨርዥን አርጅቷል፣ ባዮሱም እንዲሁ» ብሎ ጽፎ ሄደ። አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ «እስከ ገና ይለቅ» ብሎኛል።

ያለንበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ላይሰንሳችን ስታንዳርድ ስለሆነ ዲአርኤስ (ቪኤሞችን በራሱ የሚያዛውረው) የለውም። የሰፖርት ውሉ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ሳይታደስ ቀርቷል። ኢንተርኔቱ ቀን ቀን አይላወስም። መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ጀነሬተርና ዩፒኤስ ግን አለን።

ስድስቱንም ቅዳሜ ሌሊት አጥፍቼ በአንዴ ልገላገል ወይስ አንድ በአንድ ልሂድ? ደግሞስ ማን ይቅደም፦ አይድራክ፣ ባዮስ፣ ኔትወርክ ካርድ ወይስ ሬይድ (የዲስክ ተቆጣጣሪው)?

ካልነኩት_አይነካም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ የሚሠራ ሰርቨር ለምን ይነካል? ኦዲተሩ ሪፖርቱን ጽፎ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል፤ ሌሊት ዳታሴንተር ውስጥ ብርድ የሚመታህ አንተ ነህ። የአይድራኩን ኬብል ንቀልና «ከኔትወርክ ተለያይቷል» ብለህ መልስለት። አለቀ።

ማዶ_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

@ካልነኩት_አይነካም፣ ኬብሉን ነቅሎ ማሽኑ አንድ ሌሊት ቢቆም በምን ሊያስነሳው ነው? ከቤቱ በታክሲ ሊመጣ?

አይድራክ፣ የኤችፒኢው አይሎ፣ ማንኛውም ቢኤምሲ (የሰርቨር መቆጣጠሪያ ቺፕ) በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ አይፒ አለው። ሰርቨሩ ጠፍቶም እሱ አይተኛም፤ ኃይል እስካለ ነቅቶ ነው የሚያድረው። እዚያ የገባ ሰው ኢኤስኤክስአይን መስበር አያስፈልገውም፤ ማሽኑን ያጠፋል፣ ያስነሳል፣ የፈለገውን ዲስክ አስገብቶ ቡት ያደርጋል። በ2017 በአይሎ 4 ላይ የተገኘውን ቀዳዳ አስታውሱ፣ ሲቪኢ-2017-12542። «ኤ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል 29 ጊዜ ደርድሮ የላከ ሁሉ ያለ ፓስወርድ ይገባ ነበር። 29 ፊደል ነው የምላችሁ! አዲስ ፈርምዌር ወጥቶ ሳለ ያልጫነው ስንት ነበር።

ለኦዲተሩ ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ መሥራት ትችላለህ፦ አይድራኮቹን ለብቻቸው ቪላን (የተለየ ኔትወርክ) ውስጥ አስገባ፤ ከሁለት ከሦስት የአድሚን ማሽን በቀር ማንም አይድረስባቸው። ፓስወርዱም የፋብሪካው «ካልቪን» ከሆነ እግዜር ይይልህ።

የሐኪም_ቤት_አይቲ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

«የሚሠራ አይነካም» የሚለውን እኔም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኛ ጋ ኤችፒኢ ፕሮላያንት ነው ያለው። በኅዳር 2012፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2019 መሆኑ ነው፣ ኤችፒኢ አንድ ማሳሰቢያ አወጣ። አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲ ሞዴሎች ፈርምዌራቸው ከኤችፒዲ8 በታች ከሆነ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ይሞታሉ የሚል ነው። 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል፤ ሰዓት ቆጣሪው ከ32,767 በላይ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ከሞተ በኋላ ደግሞ ዲስኩም አይመለስ፣ ዳታውም አይመለስ። በቀጣዩ መጋቢት ሌላ ዙር መጣ፤ በዚያኛው የተጠቀሱት ዲስኮች የሚሞቱት በ40,000 ሰዓት ነው።

አሁን አስቡት። አንድ ሰርቨር ውስጥ ያሉት ኤስኤስዲዎች ሁሉ በአንድ ቀን ነው ሥራ የጀመሩት። ስለዚህ ሰዓታቸውም እኩል ይሞላል። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ነው የሚያድንህ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲሄዱ ምን ያደርግልሃል? ያ ማሽን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ «የሚሠራ» ነበር። ማሳሰቢያ ያነበበ ሰው ፈርምዌሩን ጭኖ ተኛ፤ ያላነበበውም ተኛ።

ካልነኩት_አይነካም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

እሺ እህቴ፣ የዲስኩን ነገር ተቀበልኩ። ሌላውን ወገን ግን ማንም አያወራም። በጃንዋሪ 2018 ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች የወጡ ጊዜ ሁሉም ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩን ማስተካከያ) ለመጫን ተሽቀዳደመ። ወሩ ሳያልቅ ኢንቴል ራሱ «ማሽኖች ከመሬት ተነስተው ሪቡት እያደረጉ ነውና መጫኑን አቁሙ» አለ፤ አምራቾቹም ያወጡትን ባዮስ መልሰው ሰበሰቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንዳንዶቻችን የምንፈራው በስንፍና አይደለም።

ማዶ_ቨርጂኒያ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:41

ልክ ብለሃል። ትናንት የወጣውን አይጭንም፤ ወር ሁለት ወር የቆየውን ይጭናል። ያ ግን ዓመታት ከመተኛት ጋር አንድ አይደለም።

ጋሼ_ራክ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ልጁ ግን የጠየቀው «ልጫን ወይስ አልጫን» ሳይሆን «እንዴት» የሚለውን ነው።

ስድስቱን በአንዴ ማጥፋት የሚለውን ከአሁኑ እርሳው። ክላስተር የተገዛው አንዱ ሲተኛ አምስቱ እንዲሸከሙለት ነው። ስድስቱም በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት ፈርምዌር ውጠው ቢታመሙስ ወዴት ትሸሻለህ?

አንድ በአንድ ስትሄድም ፈርምዌር ከመንካትህ በፊት ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ሥራ አለ። እያንዳንዱን ሆስት ቪኤሞቹን አውጣለት፣ ሜይንተናንስ ሞድ አስገባው፣ ከዚያ ምንም ሳትቀይር እንዲሁ ሪስታርት አድርገው። ተነስቶ ጤነኛ ከሆነ ቪኤሞቹን መልስና ወደ ቀጣዩ እለፍ። ስድስቱንም እንዲህ ዙር። ፈርምዌሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምን? እነዚህ ማሽኖች ዓመት ዓመት ተኩል ሳይጠፉ ይቆያሉ። በዚያ መሀል ሚሞሪው ተበላሽቶ፣ ባትሪው አልቆ፣ ኢኤስኤክስአይ የተጫነበት ካርድ ሞቶ ሊሆን ይችላል። እየሮጠ እያለ ግን አይታይም፤ ኢኤስኤክስአይ አንዴ ሚሞሪ ላይ ከወጣ ቡት ካርዱ ሞቶም መሥራቱን ይቀጥላል። የሚታወቀው ሲነሳ ነው። አንተ ባዮስ ጭነህ ሪስታርት አድርገህ አልነሳ ቢል «ባዮሱ ገደለው» ማለትህ አይቀርም፤ ሌሊቱን ሙሉ ባዮስ ስትመልስ፣ ስትጭን ታድራለህ። እንዲሁ ሪስታርት አድርገህ አልነሳ ካለ ግን በሽታው የቆየ መሆኑን አወቅህ። አሮጌውን ጉዳት ከአዲሱ የምትለይበት ሌላ መንገድ እኔ አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ ሆስቱ በእርግጥ ባዶ መሆን መቻሉንም ታያለህ። ዲአርኤስ ስለሌለህ ሜይንተናንስ ሞድ ብትለው 2 በመቶ ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ቪኤሞቹን በእጅህ ቪሞሽን (ሳይጠፉ ወደ ሌላ ሆስት ማዛወር) እስክታደርግ ይጠብቅሃል። ያኔ ነው ጉዱ የሚወጣው። አንዱ ቪኤም የዛሬ ሦስት ዓመት የገባ የአይኤስኦ ፋይል ከሆስቱ ዲስክ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሌላው ዲስኩ ራሱ ሎካል ዳታስቶር ላይ ነው። ሌላው የዩኤስቢ ዶንግል ይዟል። ባክአፕ መሀል ላይ ሆኖ የቆለፈውም አለ። ይህን ሁሉ ረጋ ባለ ቀን ብታየው ይሻላል።

ስድስት_ሆስት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዶንግል ያሉት ነገር ደግሞ እኛ ጋ አለ፤ የአንድ የቆየ የሂሳብ ሶፍትዌር ላይሰንስ ሆስት 4 ጀርባ ላይ ተሰክቷል። ኋላ እመጣበታለሁ።

ቁጥሩን ልስጣችሁ። እያንዳንዱ ሆስት 384 ጊጋ ሚሞሪ አለው፤ በድምሩ 2,304። ለቪኤሞቹ የተመደበው ወደ 1,780 ጊጋ ነው። አንዱ ሲወጣ 1,920 ይቀራል። ይበቃል አይደል?

ማዶ_ቨርጂኒያ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

አንዱ ሲወጣ ይበቃል፤ ያውም ኢኤስኤክስአይ ለራሱ የሚወስደው ሳይቀነስ። መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው። አንዱ ለጥገና ወጥቶ ሳለ፣ በዚያችው ሰዓት ሌላው ቢወድቅስ? 1,536 ጊጋ ይቀርሃል፤ 244 ጊጋ መግቢያ ያጣል። ኢኤስኤክስአይ ሚሞሪ አጣቦ ሊያስነሳቸው ይሞክራል፣ ግን ስዋፕ (ዲስክ ላይ ያለ ምትክ ሚሞሪ) ውስጥ የገባ ዳታቤዝ ቢነሳም ተነሳ አይባልም።

ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የቴስትና የትሬኒንግ ቪኤሞችን ዝርዝር አውጣ፤ 250 ጊጋ ያህል ከነሱ ይገኛል ብዬ እገምታለሁ። ለባለቤቶቹ ንገርና ለጥገናው ጊዜ አጥፋቸው። ኤችኤውን (ሆስት ሲወድቅ ቪኤሞቹን ሌላ ሆስት ላይ የሚያስነሳውን) ደግሞ አታጥፋ። «ያስቸግራል» ብሎ የሚያጠፋው ሰው ብዙ ነው፤ በጣም የምትፈልገው ግን በዚያች ሌሊት ነው።

ሌላም ልጨምር፦ ቪሴንተሩ (ክላስተሩን የምታስተዳድርበት ሶፍትዌር) ራሱ የትኛው ሆስት ላይ እንዳለ ወረቀት ላይ ጻፈው። ዲኤንኤሱን የያዙት ሁለቱ ዶሜይን ኮንትሮለሮችም አንድ ሆስት ላይ አይተኙ። ዲኤንኤስ ሲጠፋ ሰው የሆስቶቹን አይፒ ከአእምሮው ለማስታወስ የሚሞክርበት ሁኔታ ያሳዝናል።

ሃይፐርቪ_ነኝ · ኀሙስ፣ ከጠዋቱ 3:20

ከዱባይ። እኛ ማይክሮሶፍት ቤት ነን፤ ይህን ሁሉ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ክላስተር አዌር አፕዴቲንግ የሚባለው ይሠራልናል። ኖዱን ያራግፋል፣ ያዘምናል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ መልሶ ያስገባል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ቪኤምዌር ለመክፈል ገንዘብ ያላችሁ ሰዎች በእጃችሁ ቪኤም ስታመላልሱ ሳይ ያስቀኛል።

ጋሼ_ራክ · ኀሙስ፣ ከጠዋቱ 4:00

ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ። ስቶሬጅ ስፔስስ ዳይሬክት (የኖዶቹን ዲስክ አንድ ስቶሬጅ የሚያደርገው) ካላችሁ ግን አንዱ ኖድ ከተመለሰ በኋላ የዲስኩ ማመሳሰል ሳያልቅ ሁለተኛው ቢወርድ ሳቁ ያልቃል። የስቶሬጅ ጆቡ ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ነው የምትቀጥሉት። በቪኤምዌሩ ቪሳንም ያው ነው፤ የጠፋ ሆስት 60 ደቂቃ ካለፈው ሲስተሙ ዳታውን ሌላ ቦታ እንደገና መገንባት ይጀምራል። ረጅም የፈርምዌር ሥራ ይህችን ሰዓት በቀላሉ ያልፋታል። የኛ ጠያቂ ስቶሬጁ ውጭ ስለሆነ ከዚህ ተርፏል።

ስድስት_ሆስት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:45

ጋሼ ራክ፣ ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

በምክርዎ መሠረት ቅዳሜና እሁድ እንዲሁ ሪስታርት ማድረግ ጀመርኩ። ሆስት 1 ተነሳ። ሆስት 2 ተነሳ። ሆስት 3 ስክሪኑ ላይ የዴል ምልክቱን አሳየ፣ ሚሞሪውን ቆጠረ፣ ከዚያ «ቡት የሚደረግበት ዲቫይስ የለም» ብሎ ቆመ። ኢኤስኤክስአይ የተጫነው በሁለት ኤስዲ ካርድ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ሞተዋል። አይድራኩ ሎግ ውስጥ አንደኛው ከብዙ ጊዜ በፊት እንደሄደ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማንም አይቶት አያውቅም። ሆስቱ ግን ቪኤም ተሸክሞ እየሮጠ ነበር!

ሆስት 5 ደግሞ ተነሳ፤ ግን አንድ የሚሞሪ ዲም አጥፍቶ ነው የተነሳው፣ 352 ጊጋ ብቻ ያሳያል። ይህን ባዮስ ጭኜ ባየው ኖሮ ባዮሱን ነበር የምሰድበው።

ካልነኩት_አይነካም · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:02

እኔ የምለውስ ይህ አይደል? ባትነካው ኖሮ ሆስት 3 ዛሬም ይሠራ ነበር 😄

ማዶ_ቨርጂኒያ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:10

እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ። ያኔ በሌሊት፣ ከሌሎቹ አምስት ጋር።

ጋሼ_ራክ · ሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

የኤስዲ ካርድ ነገር የታወቀ ነው። ኢኤስኤክስአይ 7 ሲመጣ ካርዱ ላይ መጻፍ አበዛ፤ ካርዱ ለዚህ አልተሠራም፣ ቪኤምዌርም ከዚያ በኋላ ተዉት ብሎ መክሯል። ሆስት 3ን በትንሽ ኤስኤስዲ ላይ እንደ አዲስ ጫነው፤ የሌሎቹ አምስትም ተራቸው ይደርሳል። ከመንካትህ በፊት የየሆስቱን ኮንፊግ ባክአፕ ያዝ። ሰርቨሮቹ ቲፒኤም (ቁልፍ የሚይዝ የደህንነት ቺፕ) ካላቸው ደግሞ የሪከቨሪ ቁልፉን አውጥተህ ከክላስተሩ ውጭ አስቀምጥ፤ ከ7.0 አፕዴት 2 ወዲህ ኮንፊጉ በቲፒኤም ነው የሚቆለፈው። የቁልፉን ፋይል እዚያው ክላስተር ላይ ባለ ቪኤም ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይቻለሁ፤ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ።

ስድስት_ሆስት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

ሆስት 3 ተጭኖ ተመልሷል፤ ዲሙም ተነቅሎ ሲሰካ ተነሳ፣ ግን አዲስ ጠይቀናል። አሁን ወደ ፈርምዌሩ። ቅደም ተከተሉስ?

ማዶ_ቨርጂኒያ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:25

አይድራክ ይቀድማል። ሌሎቹን ሁሉ የሚጭንልህ እሱ ስለሆነ። ጥሩነቱ ደግሞ የአይድራክ አፕዴት ሆስቱን ሪስታርት አያስደርግም፤ ቪኤሞቹ እየሠሩ በጠራራ ፀሐይ መጫን ትችላለህ፤ አይድራኩ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋና ይመለሳል። ስትጠብቀው አትደንግጥ። በጣም ከቆየ ቨርዥን በአንዴ ወደ መጨረሻው መዝለል አይፈቀድ ይሆናል፤ የሪሊዝ ኖቱን አንብብ፣ መሀል ላይ የሚረገጥ ቨርዥን ካለ እዚያ ተጽፏል።

ባዮስ፣ ሬይድና ኔትወርክ ካርድ ግን ወረፋ ይይዙና ሆስቱ ሪስታርት ሲደረግ ነው የሚጫኑት። ማሽኑ ሁለት ሦስቴ ራሱን ሊያጠፋና ሊያስነሳ ይችላል፤ ስክሪኑም ጥቁር ሆኖ ይቆያል። በዚህ ሰዓት ፓወር የሚነካ እጅ ይቆረጥ! ጀነሬተሩ ናፍጣ እንዳለው፣ ዩፒኤሱም እንደሚሸከም ቀድመህ ሞክር። የፓወር ሰፕላይ ፈርምዌር ካለ ለብቻው ተወው፤ እሱ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነው የሚጫነው።

ስለ ኢንተርኔቱ፦ ስድስቱ አይድራኮች እያንዳንዳቸው ከዴል ሳይት እንዲያወርዱ አታድርግ። በዴል ሪፖዚቶሪ ማናጀር የአር740ን ብቻ ሌሊት አንዴ አውርድና ውስጥ ባለ ሼር ላይ አስቀምጥ፤ ሁሉም ከዚያ ይጎትቱ። ዴል ፈርምዌሩን ያለ ሰፖርት ውል ያስወርዳል፤ በዚህ ዕድለኛ ነህ።

የሐኪም_ቤት_አይቲ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

ዕድለኛ ነው በእውነት። ኤችፒኢ የሰርቪስ ፓኩን ዋስትና ወይም ውል ለሌለው ሰው ማስወረድ ካቆመ ቆይቷል። ግዢ ስትጽፉ ይህን አስቡበት።

ስድስት_ሆስት · ኀሙስ፣ ከሌሊቱ 7:20

ሆስት 1 ተዘመነ። አይድራክ ሰላም፣ ባዮስ ሰላም፣ ሬይድ ሰላም። ኔትወርኩ ግን አበደ። ባለ 10 ጊጋው ካርድ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል። ሜይንተናንስ ሞድ ላይ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። ያልተኛ ሰው አለ?

ዋየርና_ስዊች · ኀሙስ፣ ከሌሊቱ 7:34

አለሁ። የስዊቹን ፖርት አትንካ፣ ኬብሉንም አትቀይር። የኢኤስኤክስአይ ሎግ ውስጥ ስለ ካርዱ ድራይቨር ምን ይላል?

ስድስት_ሆስት · ኀሙስ፣ ከሌሊቱ 7:41

የካርዱ ፈርምዌር ድራይቨሩ ከሚጠብቀው በላይ አዲስ ነው የሚል መልእክት አለ።

ዋየርና_ስዊች · ኀሙስ፣ ከሌሊቱ 7:55

ይኸው። ፈርምዌርና ድራይቨር ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ወደፊት ወስደህ ሌላውን ከኋላ ትተኸዋል። የተኳኋኝነት ዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ካርድ ይህ ፈርምዌር ከዚህ ድራይቨር፣ ይህ ድራይቨር ከዚህ ኢኤስኤክስአይ ጋር ተብሎ ተጽፏል። ያልተጻፈ ጥንድ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል፤ አንዳንዴም ለሳምንት ሠርቶ ትራፊክ ሲበዛ ነው የሚወድቀው፤ ያ ከሁሉም የከፋ ነው።

አሁን ለዛሬ ሌሊት አይድራክ ውስጥ ሮልባክ የሚል አለ፤ የበፊቱን ቨርዥን ያስቀምጠዋል። የካርዱን ብቻ መልስ፤ ባዮሱን ተወው። ነገ አዲሱን ድራይቨር ፈልገህ፣ መጀመሪያ ድራይቨሩን፣ ቀጥሎ ፈርምዌሩን።

ሁለቱንም ፖርት በአንድ ካርድ ላይ አድርገህ «ሪደንደንት ነኝ» እያልክ ከሆነ ደግሞ አንዱን ወደ ሌላ ካርድ አዛውረው። ካርዱ ሲያብድ ሁለቱም አብረው ነው የሚያብዱት።

ስድስት_ሆስት · ኀሙስ፣ ከሌሊቱ 8:30

ተመለሰ። ኔትወርኩ ጸጥ አለ። ወንድሜ ዕድሜ ይስጥህ፤ ተኛ።

ማዶ_ቨርጂኒያ · ኀሙስ፣ ከጠዋቱ 3:15

ድራይቨሩን ፍለጋ ስትሄድ እንቅፋት ይገጥምሃል። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከጠቀለለ በኋላ በ2025 የማውረጃ አድራሻዎቹን ቀይሮ ውል ላለው ደንበኛ የሚሰጥ ቶክን ይጠይቃል፤ የቪሴንተርህ አሮጌ ሊንክ አይሠራም። ቪስፌር 7 (ኢኤስኤክስአይ 7 ያለበት ጥቅል) ራሱም ጄነራል ሰፖርቱ ኦክቶበር 2 ቀን 2025 አልቋል። ለኦዲተሩ ፈርምዌሩን ብታዘምንለት በሚቀጥለው ዓመት ስለ ኢኤስኤክስአዩ ነው የሚጽፍብህ። አለቃህን ካሁኑ አዘጋጀው።

አንድ አደጋ ደግሞ አለ። አዲሱ ባዮስ አዲስ ማይክሮኮድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማይክሮኮዱ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ለቪኤም የሚያሳየውን ባህርይ ሊጨምር ይችላል። በሆስት 1 ላይ ጠፍቶ የተነሳ ቪኤም አዲሱን ባህርይ ካየ በኋላ ወዳልተዘመነው ሆስት 4 ቪሞሽን አልሄድም ሊልህ ይችላል። ኢቪሲ (የሆስቶቹን ፕሮሰሰር አንድ የሚያስመስለው) ከተከፈተ ሁሉም ሆስቶች እስኪዘመኑ ድረስ ደብቆ ያቆይልሃል። ካልተከፈተ፣ ግማሹን አዘምነህ ግማሹን ለወር አትተወው።

ስድስት_ሆስት · ኀሙስ፣ ከቀኑ 9:05

ኢቪሲ ተከፍቷል፣ አየሁት። ድራይቨሩን አብሮን በሚሠራ ውል ባለው ተቋም በኩል ሳይሆን በራሳችን መንገድ ለማግኘት ውሉን እንዲያድሱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እስከዚያው የኔትወርክ ካርዱን ፈርምዌር ትቼ አይድራክ፣ ባዮስና ሬይድ ብቻ ብቀጥል ነውር አለው? የሬይዱን ጥንድ ዝርዝሩ ላይ አይቻለሁ፣ አሁን ካለን ድራይቨር ጋር ይሄዳል።

ጋሼ_ራክ · ኀሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

ምንም ነውር የለውም። ኦዲተሩ የጻፈው አይድራክና ባዮስ ነው። ሆስት 1 ላይ ግን ቀላል ቪኤሞችን ጫንበትና ሳምንት አክርመው፤ ካልታመመ ሌሎቹን ቀጥል። የደመወዝ ሳምንትን ዝለል።

ዋየርና_ስዊች · ኀሙስ፣ ከምሽቱ 1:45

ማስታወቂያ ስትበትንም ሰዓቱን አጣራ። አይድራኩ ላይ ሪስታርት በቀጠሮ የምታስይዝ ከሆነ ሰዓቱ በዩቲሲ መሆን አለመሆኑን እይ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት በዩቲሲ የቀደመው ቀን 21:00 ነው። «6:00» ብሎ ሞልቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሰው ወረፋ ይዞ ሳለ ሆስት ያወረደ አውቃለሁ።

ፕሮክስሞክስ_ሰፈር · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:50

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። ባህር ዳር ሦስት ኖድ ያለው ፕሮክስሞክስ (ሌላ የቪኤም መድረክ) ከሴፍ (የኖዶቹን ዲስክ የሚያጋራ ስቶሬጅ) ጋር አለን። ያው ነው አካሄዱ?

ጋሼ_ራክ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:10

አካሄዱ ያው ነው፣ ትዕግሥቱ ግን ይበልጣል። ሦስት ኖድ ሲኖርህ ክዎረም (የአብዛኛው ድምፅ) እንዲሟላ ሁለቱ መኖር አለባቸው፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወደቀ የቀረው ብቻውን አይወስንም። ከ7.3 ጀምሮ የኖድ ሜይንተናንስ ሞድ አለው፤ በኤችኤ የተመዘገቡትን ቪኤሞች ብቻ ነው የሚያዛውርልህ፣ ሌሎቹን በእጅህ አውጣ። ከማጥፋትህ በፊት ሴፍ ላይ «ኖአውት» አድርግ፤ አለበለዚያ ዲስኮቹ ጠፉ ብሎ ዳታ ማገላበጥ ሊጀምር ይችላል። ኖዱ ከተመለሰ በኋላ ማመሳሰሉ አልቆ ሁሉም ፒጂ (የሴፍ የዳታ ክፍል) ንጹሕ ሳይሆን ቀጣዩን አትንካ፤ በመጨረሻ ኖአውቱን ማንሳት አትርሳ። ለዛሬ ይኸው ነው፣ ሌላውን በራስህ ክር ጠይቅ።

ስድስት_ሆስት · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:10

ሳምንቱ በሰላም አለፈ፤ ከሆስት 4 በቀር ሁሉም አይድራክና ባዮስ ተዘመነ። የቀረው ባለ ዶንግሉ ነው። ዶንግሉ ሆስቱ ላይ እያለ ቪሞሽን ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ግን ሆስቱ ራሱ ሪስታርት ሲደረግ ዶንግሉም አብሮ ይጠፋል። የሂሳብ ክፍሉ ደግሞ «አንድ ደቂቃ አይቋረጥም» ይላል።

ዋየርና_ስዊች · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:26

ሁለት መንገድ አለ። ዩኤስቢን በኔትወርክ የሚያደርስ ትንሽ ሳጥን ገዝተህ ዶንግሉን ስዊቹ ጎን ታስቀምጠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ቪኤሙ የትም ይሂድ። እሱ እስኪገዛ ግን ቪኤሙን አጥፋ፣ ወደ ሆስት 5 አዛውር፣ ዶንግሉን ነቅለህ እዚያ ሰካ፣ አስነሳ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ነቅለህ ስትሄድ ኪስህ ውስጥ አታስገባው፤ በእጅህ ያዘው።

የሐኪም_ቤት_አይቲ · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:40

«አንድ ደቂቃ አይቋረጥም» ለሚሉት ደግሞ በጽሑፍ ሁለት ሰዓት ምረጡ በላቸው፦ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይስ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት? «ይቻላል ወይ?» ብለህ ከጠየቅህ መልሱ ሁሌም አይቻልም ነው።

ስድስት_ሆስት · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:02

እሁድ ጠዋትን መርጠዋል። ሳጥኑንም ግዢ ክፍል አስገብቻለሁ።